ከወንበሬ ሥር የሰማሁት ሽውታ

ከጦርነቱ በፊት፣ ካርቱም ሳለን፣ ባለቤቴ ትንሽ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እኔ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ስጨርስ መጥቶ ይወስደኛል፤ አርካዊት ሰፈር ላይ እንደኔው ሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ሴቶችን እናሳፍርና ሁላችንም ወደምንኖርበት ሰፈር ጀብራ እንገባለን። መቀመጫዬ ሁልጊዜ ከጎኑ ነው። የዚያች መኪና ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ከላይ ፀሐዩ፣ ከታች ሞተሩ ያቃጥለኛል።

አንድ ሐሙስ ከሥሬ «ሽሽሽ» የሚል ነገር ሰማሁ። ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት ነው፤ ግን አያቋርጥም። የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ይብሳል።

አንዷ መብራት ላይ እንደቆምን «ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አልኩት።

«የቱ?»

«ይኸው፣ ከሥሬ።»

ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «ምንም የለም» አለ።

ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ይሰሙታል። አንዷ «ወላሂ እባብ ነው የሚመስለው» ብላ እግሯን ሰበሰበች። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ ከከባድ መኪና ሞተር ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ጆሮው ቀጭን ድምፅ መስማት መተዉን እሱም እኔም ያወቅነው እዚያች መብራት ላይ ነው። መብራቱ ሲለቅ ነዳ። ትንሽ ቆይቶ «ፍሬኑ ሰሞኑን ጠንክሮብኛል» አለኝ። «እግሬ የደከመ መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ከጁምዓ መልስ መኪናዋን ደጃፋችን ላይ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አቆማት። ወንበሩን አንስቶ ሞተሩን አስነሳና አንድ ክንድ የሚረዝም ቀጭን የውሃ ጎማ ቆርጦ ሰጠኝ።

«አንዱን ጫፍ ጆሮሽ ላይ አድርጊ፣ በሌላው ፈልጊ። ከሚዞረው ነገር ራቂ፣ የሻሽሽንም ጫፍ ሰብስቢ።»

«እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?»

«ማወቁን ለእኔ ተይው። አንቺ የሰማሽውን ንገሪኝ።»

ጎማውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አንድ ወጥ ጩኸት ይመስለኝ የነበረው ሞተር ተከፋፈለ። እዚህ ጋ እንደ ስፌት መኪና ቶሎ ቶሎ የሚመታ አለ፤ እዚያ ጋ የሚንሾካሾክ፤ ዝቅ ስል ደግሞ እንደ ውሃ የሚፈስ። ስንት ዘመን የተቀመጥኩበት ነገር በሆዱ ይህን ሁሉ ሥራ ይዞ ኖሯል። እሱ አፍ አፌን እያየ «ይኼስ ምን ይላል?» ይለኛል፤ ስነግረው «እሱ ጤና ነው፣ እለፊው» ይላል።

አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ቱቦ አጠገብ ስደርስ ነፋስ ጆሮዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ደንግጬ ጎማውን አነሳሁ።

«እዚህ ነው።»

ዞሮ ፍሬኑን ረገጠ። ሽውታው ከፍ አለ፤ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን በዓይኑ ተከተለ።

«ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ቱቦ ነው» አለ። «ሞተር ሲሠራ አየር ይስባል፤ ፍሬኑ ለእግሬ የሚቀለው በዚያ ስበት ነው። አሁን ቱቦው ተሰንጥቆ ከውጭ እየሳበ ነው። ጣትሽን አድርጊበት።»

ቀስ ብዬ አውራ ጣቴን አደረግኩበት። ስንጥቁ ቆዳዬን ይዞ ሳበው። ሽውታው ጠፋ፤ ሲንዘፈዘፍ የነበረው ሞተርም ወዲያው ረጋ። ጣቴን ሳነሳ ተንዘፈዘፈ፤ ስመልስ ረጋ። ያንን ስንቴ እንደደጋገምኩት አላውቅም። የዚያ ሁሉ ብረት ትንፋሽ በአንዲት ጣቴ ሥር ነበር፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ቀና ስል ባለቤቴ መዳፉን የመኪናዋ በር ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። ስንጥቁን ስሸፍነው «ረጋ» ይላል፤ ስለቀው «ተንዘፈዘፈ» ይላል። በጆሮው ያጣውን በእጁ ያገኘዋል፤ አንዴም አልሳተም። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ እንደዚያ ቀን ተገርሜ አይቼው አላውቅም።

ሞተሩን አጠፋ። ስንጥቁ ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ከማሰሪያው አጠገብ ነበር። አርብ ስለሆነ መለዋወጫ ሱቆቹ ዝግ ናቸው። ቱቦው ግን ትርፍ ርዝመት ስለነበረው የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላ ቆርጦ ጣለና ደህናውን መልሶ አስገብቶ አጠበቀው።

«ያላ፣ ስሚልኝ» አለና አስነሳት።

ሽውታው የለም። እሱም ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ለሰለሰ» አለ።

ከዚያ ጎማውን ከእጄ ተቀብሎ የራሱ ጆሮ ላይ አደረገና ሌላውን ጫፍ ወደ ሞተሩ አስጠጋ። ምንም ባይሰማስ ብዬ ፈራሁ። ብዙ ቆየ። ቀስ በቀስ ፊቱ ሲፈታ አየሁ።

«ወፍራሙን እሰማዋለሁ» አለኝ። «ከታች የሚመታውን።»

ምሳው ቀርቦ ነበር፤ አላስቸኮልኩትም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ አዲስ ቱቦ ገዝቶ ቀየረው። ከዚያ በኋላ መንገድ ልንጀምር ስንል ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ዛሬ ምን ትላለች?» ይለኛል፤ ጆሮዬን ጥዬ አዳምጥና እነግረዋለሁ።