በባዶ ቀን የመጣች

ጎረቤቴ ኔንሲዋትል የራሷን ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ከንቱ ሴት» ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ባሉት ባዶ ቀናት የተወለደች ሁሉ ይህን ስም ትሸከማለች። በእነዚያ ቀናት እኛ የሐይቁ ከተማ ሰዎች፣ ሜሺካዎች፣ ሥራ አንሠራም፣ ድምፅ አናሰማም፣ ልጅም ባይወለድ እንመርጣለን።

በሐይቁ ላይ ካለው የአትክልት መደቧ ቃሪያና ዱባ በታንኳ ጭና ገበያ ትወጣለች። ማለዳ ግን ማንም ከእሷ አይገዛም፤ ገዱ ይጠፋብናል ይላሉ። ሲመሽ እነዚያው ሰዎች መጥተው ጠራርገው ይወስዱላታል። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንዴ ከማዶ የሚኖረው ጨው ሻጭ፣ «ኔን፣ ታንኳሽ ዛሬም አልሰጠመችም?» አላት።

«አንተን ሳልጭን እንዴት ትሰጥማለች?» አለችው።

ለእኔ ግን እንዲህ ትለኝ ነበር፦ «አባቶቻችን ከጥንት አገራቸው ከአዝትላን ሲወጡ አምላካችን የድሮ ስማቸውን አስጥሎ ሜሺካ አላቸው። የሙሉ ሕዝብ ስም የለወጠ፣ የእኔን የአንዷን መለወጥ ምን ከበደው?»

ዘንድሮ ልጇን ሾኮን ምጥ የያዛት በመጨረሻው ደግ ቀን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከወለደች ልጁ ከዚያ ስም ይተርፋል፤ ካለፈ ባዶ ቀን ገባ።

«እማዬ፣ ፀሐይዋ የት ደረሰች?» ትላለች ሾኮ።

«ገና ናት ልጄ፣ አናት ላይ ናት።»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ፀሐይዋ ተራራውን ነክታለች።

«እባክሽ አፍጥኚው!» ብላ ኔን አዋላጇን ለመነቻት።

«አንቺ ሴት፣ ልጅ በልመና አይወጣም» አለች አዋላጇ።

ሕፃኗ ስታለቅስ ውጭው ጨልሟል። አዋላጇ አጥባ ስታበቃ፣ «ማን ልበላት?» አለች። ሁላችንም የምትባለውን እናውቃለን።

«ስም አትስጧት!» አለች ሾኮ እያነባች። «ያለ ስም ትደግልኝ!»

ኔን ሕፃኗን ተቀብላ አቀፈቻት። «ለልጅ የአያት ስም ይሰጥ የለም እንዴ? ይቺም የእኔን ትውሰድ። ቀኑ ምንም አልሰጣትም፤ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ደጃፍ ወጥታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ በተቀመጠበት ጨለማ፣ «ኔንሲዋትል!» ብላ ጮኸች። ደግማ ጠራችው። እኔ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

ከማዶ አንድ በር ተከፈተ። ጨው ሻጩ ነበር። «ማንን ነው የምትጣሪው?» አላት።

«የልጅ ልጄን» አለችው።