እናቴ ከእግዜር ጋር የተኳረፈች ጊዜ

ወረታ ውስጥ በሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ በኩል ባለፍሁ ቁጥር የገለባው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ሳላስበው ፈገግ እላለሁ። ያየኝ ሰው "ይች ሴትዮ ብቻዋን ትስቃለች" ቢለኝ ይበለኝ፤ ምን ቸገረኝ። ያ ሽታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የማርያምን ጽዋ ሩዝ ውስጥ የቀበርሁበትን ቀን ነው የሚያመጣብኝ።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነበር። ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያ ይዘራል፤ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሸቱን እየነጨን ጥርሳችን አረንጓዴ እስኪሆን እንበላ ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድ ደግሞ የማርያም ማኅበር አለ። ማኅበሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የሚቀጥለው ወር ተረኛም በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን የሸክላ ጽዋ ተቀብሎ ቤቱ ያስቀምጣል። በጥር ማርያም ጽዋውን የተቀበለው አባቴ ነበር። በሁለት እጁ ይዞ፣ በእልልታ ታጅቦ፣ እኔ ከፊት ከፊቱ እየዘለልሁ ቤታችን አስገባው። በሳምንቱ ወባ ጣለው። ከዚያ አልተነሣም።

እናቴ ድሮ ጨው እንኳ ስትቆነጥር በስመ አብ ሳትል አትቆነጥርም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን ማማተብ ተወች። ጎረቤቶች "ኧረ ተይ፣ እግዜርን ማማረር ኃጢአት ነው" ሲሏት "አላማረርሁትም፤ ተኳርፈናል" ትላለች። እንዲህ ስትል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሯን ነበር። እኔም ሰው ከእግዜር ጋር ሲኳረፍ አስታራቂው ማን ይሆን እያልሁ እጨነቅ ነበር።

የካቲት ሃያ አንድ ሦስት ቀን ሲቀረው ጽዋውን አስታቀፈችኝና "ለመምሬ ጥሩነህ መልሽልኝ። እኔ ቤት ከእንግዲህ ማኅበር የለም በያቸው" አለችኝ። መምሬ ጥሩነህ የማኅበሩ ቄስ ናቸው። እስከ አጥሩ ሄድሁና እግሬ እንቢ አለኝ። ይህን ጽዋ አባቴ በእጁ ነው ያስገባው፤ ከወጣ እሱም ዳግመኛ የሚሞት መሰለኝ። በጓሮ ዞሬ ጎተራ ገባሁና ጽዋውን ከነጨርቁ ሩዙ ውስጥ ቀበርሁት። ጥቂት ተጫውቼ ስመለስ እናቴ "ምን አሉ?" አለችኝ። "እግዜር ይስጥልኝ አሉ" አልኋት። አቤት ስዋሽ!

በሃያ አንድ ረፋዱ ላይ ውጭ ቁጭ ብለን ሳለን ነጫጭ የለበሱ ሰዎች በጓያው ማሳ መሐል ተሰልፈው መጡ። መምሬ ጥሩነህ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት፣ ሴቶቹ ዳቦና የጠላ ገንቦ ተሸክመው ከኋላ። እናቴ ብድግ አለች። "በሞትሁት! መምሬ፣ ቤቴ እኮ ባዶ ነው!"

"ባዶ መሆኑንማ እናውቃለን። ሐዘንተኛ ደግሽ የሚል ማን አለ? ሁሉንም ይዘን መጥተናል፤ አንች ጽዋውን ብቻ አውጭ" አሉ መምሬ።

"ጽዋው እርስዎ ዘንድ አይደል እንዴ? ልኬልዎታለሁ እኮ!"

"እኔ ዘንድ?"

የዚያ ሁሉ ሰው ዓይን እኔ ላይ አረፈ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሌላ መላ ስላልነበረኝ ጎተራ ገባሁ፤ ሩዙን በሁለት እጄ ቆፍሬ ጽዋውን አወጣሁና ፀጉሬ ገለባ በገለባ ሆኖ ይዤው መጣሁ። መምሬ ጨርቁን ገለጥ ሲያደርጉ ጽዋው ሩዝ ሞልቶታል።

"ይህን ሁሉ ዘመን ስቀድስ፣ የማርያም ጽዋ ጠላ ሲያጠጣ እንጂ ሩዝ ሲያበላ አይቼ አላውቅም!" አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ያን ሳቅ ካባቴ ሞት ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ ጽዋውን ከመምሬ ተቀበለችና ደረቷ ላይ አስጠግታ "እመብርሃን፣ ልጅሽን ተቀይሜዋለሁ" ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ተይ ያላት የለም። መምሬ ብቻ ቀስ ብለው "ሰምታሻለች ልጄ። በሉ፣ ሩዙን አራግፉና ጠላው ይቀዳ" አሉ። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ሲዞር እናቴ አማትባ ጠጣች። እኔ ቁንጥጫዬን ስጠብቅ ዋልሁ፤ ሳይመጣ ቀረ።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። አምና ባለቤቴ ሲሞትብኝ ማጽናኛው በስልክ ጎረፈልኝ፤ የሻማ ሥዕል፣ የተጋጠመ መዳፍ፣ "ነፍስ ይማር"። አልከፋኝም፤ አንድ ባንድ አነበብኋቸው። ስልክ ግን ዳቦ ተሸክሞ ደጅ አይቆምም። ቤት የመጡትም "በርች፣ እግዜርን እንዳታማርሪ" ይሉኛል፤ እኔ ግን ውስጤ በንዴት ነድዶ መጸለይ አቅቶኝ ነበር። እናቴ፣ አሁን ወገቧ የጎበጠ አሮጊት፣ በባጃጅ ደረሰች። አጠገቤ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

"አኩርፊው ልጄ፣ አኩርፊው። እኔስ አኩርፌው አልነበር? እሱ እንደሁ መልሶ አያኮርፍ!"

ለቀስተኛው ሁሉ እያየኝ፣ ሐዘን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያም ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አማተብሁ።