ባለ ሰባት እግሯን ሸረሪት ይዤ ወደ ቦንጋ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ከቤት የወጣሁት በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው የጫማ ካርቶን ይዤ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። በዕቃው ውስጥ እርጥብ አፈር፣ አፈሩ ላይ ደግሞ ከፋይ ተቀምጣለች። ከፋይ ሸረሪት ናት። ጣራ ሥር ድር የምታደራው ቀጫጫዋ ሳትሆን ታራንቱላ የምትባለዋ፣ መሬት ቆፍራ የምትኖረው ጸጉራም ዓይነት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ጀርባዋን ሳየው የመጣልኝ ስም የጨርቅ ስም ነበር።

ሁለት ዓመት አሳደግኋት ብል ውሸት ይሆናል። ሁለት ዓመት አብረን ኖርን እንጂ አላደገችም። እግሮቿን ዘርግታ እንኳ የክብሪት ቤት አታክልም። ባለፈው ቆዳዋን ስትጥል ደግሞ አንድ እግሯ አሮጌው ቆዳ ውስጥ ተይዞ ተቆርጦ ቀረ። ሸረሪት የምታድገው ቆዳዋን እየጣለች ነው። ጉልበት ያጠራት ከአሮጌው ልብሷ መውጣት አቅቷት እዚያው ውስጥ ትሞታለች። ከፋይ የሚቀጥለውን አትወጣውም ብዬ ፈርቼ ነበር።

ከፋይን የሰጠችኝ ቦንጋ ውስጥ ባዮሎጂ የምታስተምረው ታናሽ እህቴ ጽጌ ናት። የትምህርት ቤታቸው አጥር ሲቆፈር የሸረሪት እንቁላል ከረጢት ተገኘ። ከተፈለፈሉት ሦስቱን አስቀርታ ሌሎቹን ጫካ ለቀቀቻቸው። አንዷ ለራሷ፣ አንዷ ለክፍሏ ማሳያ፣ አንዷ በመድኃኒት ብልቃጥ ተይዛ ለእኔ። ባለፈው ሰኞ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ የእኔዋ ሸረሪት እመቤት መብላት አቁማለች፣ ሆዷም ጠቁሯል። በዚህ ሳምንት ቆዳዋን ሳትጥል አትቀርም። ያንተንም ይዘህ ናና ጎን ለጎን እንያቸው።»

ለሚዜዎች የጀመርኩትን አራት ቀሚስ ለጎረቤቴ ሰፊ አስረክቤ ተነሣሁ። ጎረቤቴ «ለሸረሪት ብለህ ከፋ ድረስ?» ብሎ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ።

በአውቶቡስ፣ እስከ ጅማ

ከጎኔ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አይተው ወሊሶ ሳንደርስ ጠየቁኝ።

«ጫጩት ነው ልጄ?»

«ሸረሪት ናት፣ እትዬ።»

ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ወልቂጤ ላይ ቁርስ በልተን ስንመለስ ሌላ ወንበር ፈልገው ነበር፣ አልተገኘም። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ግን መኪናው ባዘመመ ቁጥር ካርቶኑን በእጃቸው ደገፍ ሲያደርጉልኝ አየሁ። «ምን ትበላለች?» አሉኝ ኋላ ላይ። ፌንጣ አልኳቸው። «እና ፌንጣው ምን ይበላል?» ብለው ጠየቁ። የሴትዮዋን ጥያቄ በፈገግታ አለፍኩት። የመጣሁበት ጥያቄ እሱ ራሱ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ጅማ አድሬ ዓርብ ጠዋት ወደ ቦንጋ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ አረንጓዴው እየበዛ ሄደ። አረንጓዴ ክር በየዓይነቱ ሸጫለሁ፣ ገዝቻለሁ፣ ሰፍቻለሁ። እዚያ ያየሁትን ግን በመደርደሪያዬ ላሟላው አልችልም። ዛፉ ላይ ሐረግ፣ ሐረጉ ላይ ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም፣ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። ሰው ሁሉ እንቅልፍ ወስዶታል፣ እኔ ብቻ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ «አዲስ ነህ ለአገሩ?» አለኝ።

ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቦንጋ

ዝናብ ሊጀምር ሲል ባጃጅ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። የጽጌ ቤት ከአከራይዋ ከጋሽ ኃይሌ ቤት ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ናት፣ በሯ ፊት እንሰት ተተክሏል። ሳንሳሳም በፊት «የታለች?» አለችኝ። ከፋይን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እሷም የመስታወት ሳጥኗን ጨርቅ ገለጠች።

እመቤት እንደ መዳፌ ትሰፋለች። ይህን ስጽፍ አላጋነንኩም፣ ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ በመስታወቱ ላይ ለክቻለሁ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ከረጢት የወጡ እህትማማቾች ናቸው፤ ከጣሉት ቆዳ እንደታየው ሁለቱም እንስት ናቸው። ደስታና እፍረት አንድ ላይ ያዙኝ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ጽጌ እመቤት የጣለቻቸውን ቆዳዎች ሁሉ በካርቶን ላይ በተራ ሰክታ ሰቅላለች። የመጀመሪያው ምስር ያህላል፣ የመጨረሻው መላው እጄን ሊሸፍን ምንም አልቀረው። የአንድ ሕይወት ልኬት በሙሉ እንዲህ ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ምን ታበላታለህ?»

በኩራት ነው የነገርኳት። ፌንጣዎቼን በካርቶን አረባለሁ፣ የእንጀራ ድርቆሽ እበትንላቸዋለሁ። ለከፋይ ከመስጠቴ በፊት ደግሞ ሦስት ቀን ምግብ እከለክላቸዋለሁ፣ ሆዳቸው ንጹሕ እንዲሆን። ከዚያ በወንፊት አድርጌ ውሃ አፈስባቸዋለሁ። ለፋሲካ የሚታረደው ዶሮ ውሃው እስኪጠራ ሲታጠብ እያየ ያደገ ሰው ቆሻሻ አብልቶ ማሳደግ አይሆንለትም።

ጽጌ ሳቋን ለመያዝ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዞረች። ስትመለስ ግን እየሳቀች አልነበረም።

«ፌንጣዎቹን አስጾመሃቸዋል። እሷን ደግሞ ጾመኛ አበላሃት። ሸረሪት ቅጠል አትበላም፣ ቅጠሉ የሚደርሳት በፌንጣው ሆድ ነው። አንተ ባዶ ከረጢት ነው ስትሰጣት የኖርከው።»

«የቦንጋ እርጥበትስ? አዲስ አበባ ይደርቃል፣ ይበርዳል» አልኳት። ሰው ጥፋቱን ለአየር ማስያዝ ይወዳል።

«እሱም ድርሻ አለው። እኔም እንዳንተ ብዬ ነበር። ግን የክፍል ማሳያዋ ሦስተኛዋ እህታቸው እዚሁ ቦንጋ፣ በዚሁ እርጥበት ነው ያደገችው። ለእሷ የሚሰጡትን ፌንጣዎች ተማሪዎቹ ደረቅ ዳቦ ብቻ ነበር የሚያበሏቸው። ከእመቤት በግማሽ አነሰች። የፌንጣዎቹን ምግብ ስንቀይር ነው መድረስ የጀመረችው።»

የእሷ ፌንጣዎች ዱባ፣ ጎመን፣ የባቄላ ዱቄትና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይበላሉ። ለሸረሪቷ ከመሰጠታቸው በፊት ባለው ቀን ደግሞ እንዲጠግቡ ይደረጋል። እኔ በማስጾምበት ቀን እሷ ትደግስላቸዋለች። ቀና ብላ ግን አስጠነቀቀችኝ፦ ሸረሪቷን ከልክ በላይ ማወፈርም አደጋ አለው፣ ሆዷ ተወጥሮ ብትወድቅ ይፈነዳል።

ቅዳሜ፣ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ

ጋሽ ኃይሌ ንብ አርቢ ናቸው። ከማለዳው ዝናብ በኋላ ቀፏቸውን ሊያዩ ሲሄዱ ተከተልናቸው። ከሚኒባስ ወርደን ጭቃ ለጭቃ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ዛፉ ጋ ስንደርስ ቀና ብዬ ቀፎውን ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም። ባርኔጣዬ እስኪወድቅ ቀና ስል ነው ደመናው ጥግ ላይ ያየሁት። በገመድ ነው የሚወጡት። እኔ በወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር እግሬ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነኝ። ስድሳ ያለፋቸው ሰውዬ እየተጨዋወቱ ወጡ።

ከተመለስን በኋላ ቤታቸው ሁለት ሳህን ማር አቀረቡልኝ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ነጩ ጣፈጠኝ፤ ጥቁሩ ምላሴን መረረው።

«ንብ አንድ ነው» አሉ የከፋ ቋንቋ በተጫነው አማርኛቸው። «ቀፎ አንድ ነው። አበባ ሌላ ነው። ግራዋ በላ፣ መረረ። የጌተም ዛፍ አበባ በላ፣ ነጭ ሆነ። አንተ ንብ ትሰድባለህ? ምን በላ በል።»

ጽጌ በዓይኗ አየችኝ። እኔ ማሩን ላስኩ። ከዚያ ጋሽ ኃይሌ የከፋይን ዕቃ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው በጣታቸው ቆጠሩ።

«ይሄ ሰባት ነው። አንዱ ወዴት ሄደ?»

«ቆዳዋን ስትጥል ተያዘ» አልኩ። ከዚያም፣ እስከዚያ ቀን ለራሴም ያልነገርኩትን ጨመርኩ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላውቅ አስርቤያታለሁ።»

ጽጌ እጄን ያዝ አድርጋ፣ ሸረሪት የሚቀጥለውን ቆዳ በጤና ከጣለች የጠፋ እግሯ ሊመለስ እንደሚችል ነገረችኝ። ጋሽ ኃይሌ ይህን አላመኑም። «የሰው እግር አይመለስም፣ የላም አይመለስም» አሉ። «ቆዳ ስትጥል ቆዳውን ላክልኝ። እኔ ራሴ እቆጥራለሁ።»

እሑድ ጠዋት

ጽጌ «ጋሼ» ብላ በሹክሹክታ ቀሰቀሰችኝ። እመቤት በጀርባዋ ተገልብጣ፣ ስምንት እግሯን ወደ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ሞታለች ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ላቃናት እጄን ስሰድ ጽጌ አንጓዬን ጨበጠች። «እንዳትነካት። እንዲህ ነው የሚወልዱት ራሳቸውን።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሳጥኑ ፊት አልተነሣንም። መጀመሪያ የደረቷ ቅርፊት እንደ ድስት ክዳን ተከፈተ። ከዚያ እግሮቿን ከአሮጌዎቹ እግሮች ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ መሳብ ጀመረች። ሠላሳ ዓመት እጅጌ ሰፍቻለሁ፤ ስምንት እጅጌ ያለው፣ እስከ ጣት ጫፍ የተጣበቀ፣ ቁልፍ የሌለው ልብስ በራስ ጉልበት ሲወልቅ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ጥርሶቿ ሳይቀሩ አዲስ ነበሩ፣ እንደ ሩዝ ነጭ። ሲያበቃ ሁለት ሆኑ፤ አንዷ ባዶ፣ አንዷ ገርጥታ የምትተነፍስ። እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ። የዚህ ሁሉ ጉልበት ምንጭ ዱባ የበላ ፌንጣ ነው ብሎ ማሰብ ከበደኝ።

መመለሻና ከዚያ በኋላ

ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ጉሊት ሄድኩ። ጎመንና ቁራጭ ዱባ የሸጠችልኝ ልጅ «እንግዳ መጣብዎት?» አለችኝ። አዎ፣ ብዙ ናቸው አልኳት። ወንፊቱን ለዱቄት መለስኩት። ከፋይ የመጀመሪያውን ጠግቦ ያደረ ፌንጣ ስትይዝ አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ በልታ ሳትጨርስም አልሄድኩም።

በሰባተኛው ሳምንት መብላት አቆመች፣ ሆዷም ጠቆረ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በጀርባዋ ተገልብጣ አገኘኋት። እጄን ላለመስደድ ሁለቱንም ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ደንበኛ መጥቶ በሩን አንኳኳ፣ አልከፈትኩም። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አበቃች። ቆዳውን ለአንድ ቀን አድርቄ በክብሪት ቤት ከትቼ፣ ቦንጋ በሚሄድ ሰው እጅ ለጋሽ ኃይሌ ላክሁት።

ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ደረሰኝ። ቆጠርኩ። ሰባት ነው። አላልኩህም? አይዞህ።»

ከፋይ ከፊቴ ናት። ከክብሪት ቤቱ ትበልጣለች፣ ለክቻታለሁ። በሰባቱ ጥቁር እግሮች መሐል ስምንተኛ፣ አጠር ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ገና ቀለሙ ያልጠና እግር አፈሩን ይነካካል።

«ጋሽ ኃይሌ» አልኳቸው፣ «እርስዎ የቆጠሩት የተወችውን ነው።»