ጋሽ አምኃ የመረጠው ጠመንጃ

አምኃ በቀኝ ጎኑ መተኛት ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ቂርቆስ ቤተክርስቲያን አጠገብ ባለችው ቤቱ ጠዋት ሸሚዝ ሲለብስ እጅጌውን የምትይዝለት ባለቤቱ ጀማነሽ ናት። ዕድሜውን ሙሉ የውጭ አዳኞችን ወደ አርሲ ተራሮች መርቷል። እነሱ ያቆሰሉትን አውሬ ተከትሎ የሚጨርሰው እሱ ነበር፤ በተኮሰ ቁጥርም የጠመንጃው ሰደፍ የሚራገጠው ያንኑ ቀኝ ትከሻውን ነው።

የሚሠራበት የአደን ድርጅት ቢሮ ካዛንቺስ ነው፤ ካዛንቺስ የሚባል ነገር ከተረፈ። ሠፈሩ ፈርሷል፣ ጎረቤቱ ተበትኗል፣ ድሮ ቁርስ የሚበላበት ቤት እንኳ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። በዚያ መንገድ እግሩን እየጎተተ ቢሮ ሲደርስ ሥራ አስኪያጇ ሉሊ በሩ ላይ ተቀበለችው።

«ጋሽ አምኃ፣ የጠመንጃው ፈቃድ ወጣ! ማለቴ፣ በስንት ልመና። የሚገዛውን እርስዎ ይምረጡ፤ ከተሳሳትን ሌላ አይፈቅዱልንም።»

አሮጌው ለምን እንደሚቀየር ሁለቱም ያውቃሉ። ባለፈው የአደን ወቅት የለመዱት ጥይት ከገበያ ጠፍቶ ረጅምና ከባድ ዓይነት ተገዛ። አንድ እንግዳ አዳኝ የደጋ አጋዘን አቆሰለ፤ አምኃም ተከትሎ ተኮሰ። አጋዘኑ ግን ተንገዳግዶ አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። አምኃና ዱካ አንባቢው ደጋጋ በጭጋግና በዝናብ ደሙን ሲከተሉ ውለው በማግስቱ አገኙት። ገና ይተነፍስ ነበር።

የተረፈውን ጥይት ወረቀት ላይ ሲተኩሱት ቀዳዳው ክብ አልሆነም፤ ረዘም ብሎ የጥይቱ ጎን ታተመበት። ያኔ ገባቸው። በጠመንጃ ቱቦ ውስጥ ጥይቱን የሚያሾር ጠመዝማዛ ቦይ አለ። የአሮጌው ጥምዝ ላላ ያለ ስለሆነ አጭሩን ጥይት እንጂ ረጅሙን በቅጡ አያሾረውም። በቅጡ ያልሾረ ጥይት ደግሞ አየር ላይ እየተገለባበጠ ሄዶ በጎኑ ይመታል።

«ጥምዙ ጠበቅ ያለውን እንዘዝ» አላት። «ረጅሙንም አጭሩንም ይችላል። እኛ እንደሆን የምንገዛው የተገኘውን ጥይት ነው።»

«ርግጫውስ? አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ነገር አለ አሉ፤ ጋዙን ወደ ጎን እያስወጣ ርግጫውን በጣም ይቀንሳል። ትከሻዎን ያሳርፍልዎታል።»

አምኃ ያውቀዋል። አንድ እንግዳ ይዞት መጥቶ አስተኩሶታል፤ መጫወቻ የያዘ ነበር የመሰለው። ግን ድምፁም ወደ ጎን ይወረወራል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ደጋጋ አለ። የደጋጋ ግራ ጆሮ ድሮም በደንብ አይሰማም።

«እሱ ይቅር። ለርግጫው ከበድ ያለ ብረት፣ ቀጠን ያለ ጥይት የሚጎርስ፣ ሰደፉ ላይ ወፍራም ጎማ። በቃ።»

«ያን ሁሉ ተራራ ተሸክመውት?»

«እሸከመዋለሁ» አለ። ሲናገረው ራሱ ደከመው።

ጠመንጃው ሲመጣ ከደጋጋ ጋር አርሲ ወጥተው ወረቀት ሰቀሉ። አምኃ ተኮሰ። ቀዳዳዎቹ ጥርት ያሉ ክብ ነበሩ፤ ግን ወደ ታች ተበታትነዋል። ደጋጋ ተቀብሎ ሲተኩስ የእሱ መሃል ላይ ተቀራርበው አረፉ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ጥይት እንደሚያጎርስ ሆነና ጠመንጃውን መለሰለት። አምኃ ዓልሞ ምላጩን ሳበ።

ቀጭ አለ። ጥይት አልነበረውም። ርግጫ በሌለበት ግን አፈሙዙ ቁልቁል ወርዷል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ትከሻው ወደ ፊት ተገፍቷል።

«ባዶውን ነው የሰጠሁህ» አለ ደጋጋ ቀስ ብሎ። «አትቀየመኝ።»

«እንደምደነግጥ መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከአጋዘኑ በፊት።»

አምኃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥፋቱን ሁሉ በጠመንጃው ጥምዝ ሲያሳብብ ነበር የከረመው። ቆይቶ ተነሳና ባዶውን ጠመንጃ እያነጣጠረ ምላጩን ሲስብ ዋለ። አንዳንዴ አፈሙዙ ረጋ ይላል፤ አንዳንዴ ሰውነቱ ከሐሳቡ ቀድሞ ይደነግጣል። ለቆሰለ አውሬ «አንዳንዴ» እንደማይበቃ ያውቃል።

አዲስ አበባ ሲመለስ በቀጥታ ሉሊ ጋ ገባ።

«ጠመንጃው ደህና ነው። ተኳሹን ቀይሪ። የደጋጋን የተኳሽነት ፈቃድ አስጨርሺለት።»

«እርስዎስ?»

«እንግዶቹን ይዤ እወጣለሁ። መነጽር እይዛለሁ፣ አውሬውን አሳያለሁ። ማለቴ፣ ከፈቀድሽ።»

«ኧረ ጋሽ አምኃ! ማን ይከለክልዎታል?»

ወጥቶ መንገዱ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። የታክሲ ረዳቶች ወደ ሠፈሩ «ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!» እያሉ ሲጣሩ አንዱም ላይ ሳይሳፈር አሳለፋቸው። ከዚያ ለጀማነሽ ደወለ።

«ዛሬ ቀደም ብዬ እመጣለሁ።»

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ፣ ደክሞኛል።»

«እንግዲያማ ና» አለችው፤ «አልጋውን አነጥፍልሃለሁ።»