አባቴ ያልሰማው ጩኸት

በእኛ አገር አንድ ሰው ኡኡ ሲል የሰማ ጎረቤት «ደረስኩ! አለሁ!» እያለ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሰምቶ የቀረ ሰው ቀና ብሎ አይሄድም። መካነ ሰላም ከተማ የታየው ይግባኝ የተመሠረተው በዚሁ ልማድ ላይ ነበር፤ ጎረቤት ካልሰማ ተደፈርኩ ያለችው ልጅ አልጮኸችም፣ ካልጮኸች ደግሞ ወዳ ነው ይላል።

ልጅቱ የጎረቤታችን ልጅ፣ የታጨች ወጣት ነበረች። ራቡ መንደሩን ሲበትነው የታመመች እናቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች። አንድ ምሽት የባላባቱ ልጅ ቤቷ ገብቶ ደፈራት። እናቷ ከተኛችበት ሆና ጩኸቷን ሰምታለች፤ ተነሥታ ልታስጥላት ግን አቅም አልነበራትም። የታችኛው ፍርድ ቤት የእናትየውን ቃል አምኖ ሰውየውን እስራት ፈረደበት። እሱም ይግባኝ አለ። ጠበቃው «እናት ለልጇ ታደላለች» ብሎ የእናትየውን ቃል አጣጣለ፤ እሱ የተማመነበት ምስክር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ አባቴ! ለካ አባቴ በታችኛው ፍርድ ቤት ምሎ «ያን ምሽት ቤቴ ነበርኩ፤ ጩኸት የሚባል አልሰማሁም» ብሎ ኖሯል።

ይህን ያወቅሁት የይግባኙ ዳኛ ለማጣሪያ ሲያስጠራው ነው። ወላሂ ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ ያኔ ሁላችንም ወረኢሉ መጠለያ አልነበርንም እንዴ?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበል? አላፊ አግዳሚውን ሳበላ ኖሬ፣ ተሰልፌ ስንዴ እለምን ነበር ልበል?»

እውነቱን ነው፤ መጠለያው ውስጥ እንኳ የሰጡትን ቂጣ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ነበር የሚበላው። እኔ ግን አላዘንኩለትም። «አንተ ስላፈርክ እሷ ውሸታም ትባል?» ብዬው ወጣሁ። ለአባት እንዲህ አይባልም። እኔ ግን አልኩ።

ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ስለሆነ በቀጠሮው ዕለት ግቢው «የባላባት ልጅ ይሰቀል!» በሚሉ ወጣቶች ተሞልቶ ነበር። ዳኛው ቆፍጠን ያለ ሰው ነው። «እዚህ የሚፈረደው በማስረጃ እንጂ በአባት ስም አይደለም» ብሎ ጸጥ አሰኛቸው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ «ያን ምሽት የት ነበሩ?» አለው።

አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

«ቤቴ አልነበርኩም ጌታዬ። ወረኢሉ መጠለያ ነበርኩ፤ የእርዳታ ስንዴ ስለምን። በመንደሩ ከልጅቱና ከእናቷ በቀር አንድም ሰው አልቀረም።»

«ታዲያ ለምን ዋሹ?»

«አፍሬ።»

«በሐሰት መመስከር እንደሚያሳስር ያውቃሉ?»

«ልታሰር። ብትጮህስ ማን ሊሰማት? ደረስኩ የሚላት ጎረቤት አልነበራትም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በእኛ ቤት ስንት ጊዜ የበላ ሰው ነው! ዞሬ አፈጠጥኩበት፤ አቀረቀረ።

ጠበቃው ይህ ሲፈርስበት በሌላ መጣ፦ ደንበኛዬ ላገባት ብሎ ሽማግሌ ልኳል፣ ቅጣቱ ይቅለልለት። አይ ድፍረት! ዳኛው ሽማግሌ የተላከው ሰውየው ከተያዘ በኋላ መሆኑን ጠቀሰ። ሰው በሌለበት መንደር ጩኸት አለመሰማቱ አለመጮኋን አያሳይም፤ የእናትየው ቃልም አልተናወጠም አለ። ማንም እንደማይደርስላት አውቆ መግባቱ ደግሞ ቅጣት የሚያከብድ እንጂ የሚያቀል አይደለም ብሎ ፍርዱንም ቅጣቱንም አጸና። ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

አባቴን ግን ፖሊስ ወሰደው።

በማግስቱ ስንቅ ይዤ ጣቢያ ስደርስ ልጅቱ ቀድማኛለች። ቂጣ በነጠላዋ ቋጥራ መጥታ «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ» ትለዋለች። ዘበኛው ያያል፣ እስረኛው ሁሉ ያያል፣ ገበያተኛው በአጥር እያጮለቀ ያያል። አባቴ ፊቱን አላዞረም፤ ጋቢውንም አልተከናነበም። ከእጇ ተቀብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቁጭ ብሎ በላ።

እኔማ ልቤ በኩራት ሞልቶ ዝም ማለት አቃተኝ። ዘበኛው ሳይጠይቀኝ «የእሱ ልጅ ነኝ» አልኩት።