ሩሐማ ከማልታ ያልደወለችበት ሰሞን

ወይዘሮ ዘውድነሽ ጭሮ ከተማ አስፋልቱ ዳር፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፉ ነው ልጃቸውን ሩሐማን ያሳደጉት። ባላቸው ቀድመው ስለሞቱ ከእሷ ሌላ የእኔ የሚሉት ሰው የላቸውም። ሩሐማ ነርስነት ተምራ ማልታ የምትባል፣ ባሕር መሐል ያለች ትንሽ የአውሮፓ አገር ሄደች፤ እዚያም አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተቀጠረች።

ኮሮና የመጣ ጊዜ የጭሮ ሰው የሚፈራው ከጅቡቲ በሚኤሶ አድርገው ሽቅብ የሚመጡትን የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበር። የወይዘሮ ዘውድነሽ ፍርሃት ግን ባሕር ማዶ ነበር። ሩሐማ በኢሞ ቪዲዮ ስትደውል የምታወራው እንቅልፍ ይነሳቸዋል። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቷል፤ ቱሪስት ይርመሰመስበት የነበረው መንገድ ጭር ብሏል። አገሪቱ ትንሽ ስለሆነች የአንድ ሰው ሞት ለሁሉም ቅርብ ነው። ልጆች እናቶቻቸውን የሚያዩት በመጦሪያው መስኮት መስታወት ብቻ ነው።

በኋላ በሽታው መጦሪያው ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹ እዚያው እያደሩ እንዲሠሩ ተጠየቁ፤ ያልፈለገ መውጣት ይችላል ተባለ። ይህን የሰሙ ለት ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ እንጀራ ሌላም ቦታ ይገኛል፣ ዛሬውኑ ውጪ ብለው ለመኗት።

«እማዬ፣ እዚያ አልጋ ላይ ያለሽው አንቺ ብትሆኚ፣ ነርሷ ጥላሽ እንድትሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻቸው።

ተናደው ስልኩን ዘጉባት።

ከዚያ ወዲያ ሩሐማ ጠፋች። መጀመሪያ ያኮረፈች መሰላቸው። ሲደውሉላት ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፉ። ጭንቀታቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ ከአፋቸው ከወጣ እውነት የሚሆን መሰላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ የሩሐማ ቁጥር ነው። ቢያነሱት በሐኪም ጭምብል ፊቷን ሸፍና ዓይኗ ብቻ የሚታይ ፈረንጅ ናት፤ በማያውቁት ቋንቋ ታወራለች። ጎረቤታቸውን፣ ጨርቅ ነጋዴዋን ሹክሪያን ተጣሩ። ሹክሪያ ስትደርስ ሴትዮዋ ስልኩን ወደ አልጋ አዞረችው። ሩሐማ በሆዷ ተደፍታለች፤ አትንቀሳቀስም። ወይዘሮ ዘውድነሽ መሬት ተቀመጡ። የልጄን ሬሳ ነው የሚያሳዩኝ ብለው አሰቡ።

ሹክሪያ ስልኩን ተቀብላ አተኩራ አየች። «እትዬ ዘውድነሽ፣ ጀርባዋን ይዩት። ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትተነፍሳለች» አለቻቸው።

አይተው ሳይጠግቡ ኔትወርኩ ተቋረጠ። የሚጠይቁት ሰው፣ የሚሄዱበት መንገድ አልነበረም። ሹክሪያ ሱቋን ዘግታ አጠገባቸው ዋለች፤ በማግስቱም እንደዚያው። አንዷ በአላህ፣ አንዷ በማርያም ስም ስትለምን ሰነበቱ።

ሩሐማ ራሷ የደወለችው የተሰካላት ኦክስጅን ከተነሳላት በኋላ ነው፤ ለካ በሽታው ይዟት፣ መተንፈስ እንዲቀላት ሐኪም ቤት በሆዷ አስተኝተዋት ነበር። ድምፅዋ ሰልሎ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ስትንከባከባቸው ከነበሩት አሮጊቶች የሚበዙት እንደሞቱ ልትነግራቸው ጀምራ ትንፋሽ አጠራት።

«አታውሪ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «ዝም ብለሽ ተንፍሺ፤ እኔ እሰማለሁ።»

ሩሐማ ድና እዚያው መጦሪያ ሥራዋን ቀጠለች፤ እናቷም ከዚያ ወዲህ ተይው ብለዋት አያውቁም። ግን ዛሬም የሩሐማ መደወያ ሰዓት ሲያልፍ የጀመሩትን ልብስ የስፌት መኪናው ላይ ጥለው ሹክሪያ ሱቅ ይገባሉ። ሹክሪያም ምን ሆኑ ብላ አትጠይቅም፤ በርጩማ ታቀርብላቸዋለች።