ድምፅ አልባው ፊልምና ባለማይኩ

ባለፈው ክረምት ጀሞ ውስጥ የሆነ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል።

የምተዳደረው ሰርግ ቤት ኪቦርድ እየተጫወትኩ ነው። ሰው እየበላ፣ እያወራ፣ ማንም የማይሰማው ሥራ ነው፤ ከዚያ መውጣት እፈልግ ነበር። ጋሽ ታደለ የሚባሉ የአዳራሽ ባለቤት ድምፅ አልባ የድሮ ፊልም ሊያሳዩ እንደሆነና በኪቦርድ የሚያጅብላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ስሰማ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ሕዝቡ ከወደደው በየሳምንቱ ትሠሪያለሽ" አሉኝ።

ፊልሙን ደጋግሜ አይቼ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ዜማ አዘጋጀሁ። የጋሽ ታደለ ዝግጅት ደግሞ ማይክ የሚይዝ ሰው ማምጣት ሆነ። "ዝም ያለ ፊልም ማን ያያል?" ብለው። ሰውየው የቸርቻቸው ፕሮግራም መሪ ነው፤ ተመልካቹም አብዛኛው ከዚያው የመጣ። "አሁን ልጁ ሻንጣውን አነሳ... አሁን በሩን ከፈተ..." እያለ ያደነቁረናል። ዓይን የሌለን መስሎት መሰለኝ።

ፊልሙ ውስጥ እናትየው ልጇ ጥሏት እንዳይሄድ የታመመች መስላ አልጋ ላይ ትወድቃለች። እዚህ ጋ ቀስ ያለ ዜማ ጀመርኩ። ቸርች ውስጥ ኪቦርድ እንዲህ ለስለስ ሲል የጸሎት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። እኔም እዚያው ስላደግሁ አውቀዋለሁ። ግን ፊልም ላይ?

ባለማይኩ ዓይኑን ጨፈነ። "ወገኖቼ፣ ለእኚህ እናት እንጸልይ!"

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ።

ባቆም ፊልሙ ባዶውን ሊቀር፣ ብቀጥል ጸሎቱ ሊረዝም! ቀጠልኩ። ልጁ ሐኪም ሊጠራ ሲወጣ እናትየው ከአልጋዋ ዘላ ትነሳና ትራስ ሥር የደበቀችውን ኬክ ጎራርሳ ትጨፍራለች። የፊልሙ ዋና ሳቅ ይኼ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለጭፈራው ያዘጋጀሁት ፈጣን ዜማ ሲጀምር ዓይናቸውን ገለጡ። ሴትዮዋ ቆማ ትጨፍራለች።

"ተነሳች! ሃሌ ሉያ!" አለ ባለማይኩ።

እልልታው ቀለጠ። ፊት ለፊት የቆሙ አንድ እናት እንባቸውን ይጠርጋሉ። አስመስላ ነው ብዬ ብጮህ ማን ሊሰማኝ!

ሲያልቅ ጋሽ ታደለ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። "በጣም ተባርከናል፣ ሥራው ያንቺ ነው። ብቻ ለሚቀጥለው ሳምንት እንደዚህ የታመመ ሰው ያለበት ፊልም ፈልጊ።"

እጄን አስለቅቄ ኪቦርዴን ተሸክሜ ወደ ታክሲ ሄድኩ። አሁንም ሰርግ ቤት ነኝ። እዚያም የሚሰማኝ የለም፤ ግን ቢያንስ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የሚጨፍሩት።